ከኮምፒውተር ጌም ድምፅ ማውጣትና መለወጥ፦ አሠራሩ፣ ሕጉና ሥራው

በየቤታችን ያሉ ወጣቶች ከሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ውስጥ የእግር ኮቴ፣ የበር ሲጢጥታ ወይም ሙዚቃ አውጥተው ለስልክ ጥሪ፣ ለቲክቶክ ቪዲዮ ወይም ራሳቸው ለሚሠሩት ትንሽ ጌም ሲያውሉት ማየት የተለመደ ሆኗል። ወላጅ ግን ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ወይ ኮምፒውተሩ በቫይረስ ሲያዝ፣ ወይ በካርቲስ አሽራዩ ላይ የማያውቀው የወር ክፍያ ሲመጣ፣ ወይ ዩቲዩብ የልጁን ቪዲዮ ሲያግድ። በሌላ በኩል የድምፅ ፋይል ፈልጎ ማግኘት፣ መክፈት፣ መለወጥና መለየት በጌም ኩባንያ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ መጀመሪያ ነው። በዛሬው ገጽ አሠራሩን ከሥሩ እናሳያለን፤ ከዚያም ገንዘብ የት ላይ እንደሚጠፋ፣ ሕጉ ምን እንደሚልና ሥራ ፈላጊ ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት እንመለከታለን።

ድምፁ የት ነው የተቀመጠው?

ጌም አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ከፕሮግራሙ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ የሥዕል፣ የድምፅ፣ የካርታና የጽሑፍ ፋይሎች አብረው ይመጣሉ። እነዚህን አንድ በአንድ ከመበተን ይልቅ ሠሪዎቹ በትልልቅ ጥቅል ያስሯቸዋል። ብዙ ሰው ጥቅሉ የተሠራው ከሌባ ለመደበቅ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ፍጥነት ነው፤ አንድ ትልቅ ፋይል ከፍቶ ከውስጡ የሚፈለገውን ማንበብ አሥር ሺህ ትንንሽ ፋይሎችን ከመክፈት ይቀላል።

ዱም የተባለውን የድሮ ጌም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ሥዕሉም ካርታውም ድምፁም ዋድ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቆ ነበር። ፋይሉ የራሱ ማውጫ አለው፤ በማውጫው ላይ የእያንዳንዱ ነገር ስም፣ የሚጀምርበት ቦታና ርዝመቱ ተጽፏል። ስሌድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ማውጫ አንብቦ ድምፆቹን አንድ በአንድ ያወጣል። አብዛኞቹ በሰከንድ 11,025 ናሙና፣ እያንዳንዱም ናሙና አንድ ባይት ነው። የሲዲ ጥራት የምንለው ደግሞ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ ሁለት ባይት፣ በግራና በቀኝ ሁለት መስመር ሲሆን በድምሩ በሰከንድ 176,400 ባይት ይመጣል። የዱም ድምፅ ልክ ከዚህ 16 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰው ጥሬውን መረጃ በ44,100 ቢከፍተው ድምፁ አራት እጥፍ ይፈጥናል፤ የጭራቁ ማጓራት የአይጥ ጭጭታ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተሳሳተው የአነባበቡ ፍጥነት ነው። ይህን መለየት የድምፅ ሠራተኛ የመጀመሪያ እውቀቱ ነው።

ማይንክራፍትን ምሳሌ አድርገን

አሁን ልጆቹ ወደሚያውቁት እንምጣ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ሞያንግ የተባለውን የስዊድን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው በማይንክራፍት ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በኮምፒውተር ላይ ለሚጫወቱት የጃቫ እትም ነው፤ በስልክና በኮንሶል ያለው እትም በሌላ መንገድ የተደራጀ ስለሆነ እዚያ አትፈልጉት።

የዊንዶውስን ቁልፍና የአር ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ አፕዳታ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል፣ ከፊቱና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ ጻፉና ኤንተር በሉ። በነጥብ የሚጀምረውን የማይንክራፍት ፎልደር ክፈቱ፤ በውስጡ አሴትስ የሚል አለ፤ በእርሱም ውስጥ ኢንዴክስስና ኦብጀክትስ የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ታገኛላችሁ።

ኦብጀክትስን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ስማቸው ሁለት ምልክት ብቻ የሆነ እስከ 256 የሚደርሱ ፎልደሮች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ ደግሞ ስማቸው 40 ምልክት የሆነ፣ ምን እንደሆኑ የማይናገሩ ፋይሎች አሉ። ይህ ስም ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ የተሰላ መለያ ነው። እንደ ቴውዳት ዜሁት ቁጥር አስቡት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ባለቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሚስራድ ሃፕኒም ያለው መዝገብ ግን ያውቃል። እዚህም መዝገቡ ኢንዴክስስ ውስጥ ነው።

ኢንዴክስስ ውስጥ ብዙ ፋይሎች ካሉ በቀኑ የቅርብ የሆነውን ምረጡና በኖትፓድ ክፈቱት። ጽሑፉ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ረጅም ነገር ነው፤ በዓይን አታንብቡት። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ ለምሳሌ ግራስ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጉ። የሣር ላይ የእግር ኮቴ ፋይል ስም ይመጣል፤ ከስሙ ቀጥሎ ባለ 40 ምልክቱ መለያና የፋይሉ መጠን በባይት ተጽፏል። የመለያውን የመጀመሪያ ሁለት ምልክቶች እዩ፤ ኦብጀክትስ ውስጥ በእነዚያ ሁለት ምልክቶች የተሰየመውን ፎልደር ክፈቱ፤ ሙሉ መለያውን የያዘው ፋይል እዚያ ነው። ፋይሉን ገልብጣችሁ ወደ ሌላ ፎልደር ውሰዱ እንጂ ከቦታው አታንሱት። ከዚያ ቅጂውን በሚገባችሁ ስም ሰይሙትና መጨረሻው ላይ ነጥብ ኦግ የሚለውን ቅጥያ ጨምሩበት። በቪኤልሲ ክፈቱት፤ ኮቴው ይሰማል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ለሙያ የሚጠቅመው ፋይሉን ማግኘት ሳይሆን ውስጡን ማየት ነውና። የሣሩ ኮቴ አንድ አይደለም፤ ከ1 እስከ 6 የተቆጠሩ ስድስት ፋይሎች አሉ። ሣር ሲቆፈር የሚሰማው ደግሞ አራት ነው። ለምን? ያው ድምፅ በእያንዳንዱ እርምጃ ከተደጋገመ ጆሮ ወዲያው ይለየውና ይሰለቻል፤ ስለዚህ ጌሙ ከስድስቱ አንዱን በየተራ በዕጣ ያነሣል። ቀጥሎ ድምፆቹ ባለ አንድ መስመር ወይስ ባለ ሁለት መስመር መሆናቸውን ተመልከቱ። ከተጫዋቹ ርቀት ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት ድምፅ ባለ አንድ መስመር ነው፤ ግራና ቀኙን የሚያሰላው ጌሙ ራሱ ስለሆነ። በመዝገቡ ውስጥ ሳውንድስ የሚል ጄሰን ፋይልም አለ፤ የትኛው ድርጊት የትኞቹን ድምፆች እንደሚጠራ የሚናገረው እርሱ ነው። ይህን ፋይል አንድ ምሽት ተቀምጦ ያነበበ ወጣት ከብዙ የዩቲዩብ ትምህርት የበለጠ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

መለወጥ፦ ድርቆሽ ትኩስ እንጀራ አይሆንም

ከማይንክራፍት የወጣው ፋይል ኦግ ቮርቢስ ነው። ይህ ጆሮ ብዙም የማይለየውን እየጣለ ፋይሉን የሚያሳንስ አሠራር ነው። ኤምፒ3ም እንደዚሁ ነው። ዌቭ ደግሞ ሳይቀንስ ሁሉንም ይይዛል፤ በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ ከ10 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የታመቀው ግን ወደ አንድ ሜጋባይት ብቻ ነው።

ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። ፋይሉን ክፈቱ፣ ከፋይል ዝርዝር ውስጥ ኤክስፖርት ኦዲዮ የሚለውን ምረጡ፣ ፎርማቱን ዌቭ፣ 16-ቢት አድርጉና አስቀምጡ። የናሙናውን ቁጥር ከመጀመሪያው አትቀይሩት፤ ፋይሉ 44,100 ከሆነ 44,100 ይሁን። በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ያሉት ሰው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ነፃ መሣሪያ ቢማር በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ይለውጣል።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ኦጉን ወደ ዌቭ ሲለውጡ ፋይሉ አሥር እጥፍ ስለሚተልቅ ጥራቱም የጨመረ ይመስላቸዋል። አንድ ሊትር ወተት በአምስት ሊትር ጀሪካን ቢገለበጥ ያው አንድ ሊትር ነው። ድርቆሽም በውኃ ቢርስ ይበላል እንጂ ትኩስ እንጀራ አይሆንም፤ የተጣለው ድምፅ ተጥሏል። ከኦግ ወደ ኤምፒ3 መለወጥ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አንዱ የጣለውን ጥሎ ሲያበቃ ሌላው በላዩ ላይ ሌላ ይጥላል። ስለዚህ የሚታረም ድምፅ ካለ ወደ ዌቭ ይሂድ፤ ታርሞ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይታመቅ። ለጌም የሚደጋገም ሙዚቃ ደግሞ ኤምፒ3ን ተዉት፤ ሲታመቅ ጫፉ ላይ አጭር ዝምታ ስለሚጨምር ሙዚቃው በዞረ ቁጥር ይሰናከላል።

ስሙን መለወጥ ብቻውን ፋይሉን እንደማይለውጥም እወቁ። ትክክለኛው ማንነቱ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል፤ የኦግ ፋይል ኦ፣ ጂ፣ ጂ፣ ኤስ በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ ዌቭ ደግሞ አር፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ በሚሉት። ዋይዝና ኤፍሞድ በሚባሉ የድምፅ መሣሪያዎች የተሠሩ አዳዲስ ጌሞች የራሳቸው ፎርማት ስላላቸው በቀጥታ አይከፈቱም። ለእነዚህ ቪጂኤምስትሪም የተባለ ነፃና ክፍት ፕሮግራም አለ፤ በጣም ብዙ ዓይነት የጌም ድምፆችን አንብቦ ወደ ዌቭ ያወጣል።

ገንዘብ የሚጠፋበት ቦታ

ከላይ የጠቀስናቸው ፕሮግራሞች በሙሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ለዚህ ሥራ ካርቲስ አሽራይ የሚጠይቅ ሰው ካለ ተጠራጠሩ። ልጆች በጉግል ላይ «ድምፅ መለወጫ» ብለው ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ገጹ ላይ ትልቅ አረንጓዴ የማውረጃ ቁልፍ አለ፤ የሚያወርደው ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ «ለሰባት ቀን ነፃ» ብሎ ካርዱን ይመዘግብና በስምንተኛው ቀን ማስከፈል ይጀምራል። ፕሮግራሙን ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱ፤ የድምፅ ፋይል ነው ተብሎ የወረደው ነገር መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ አትክፈቱት። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር በሚጫወቱት ጌም ላይ ደግሞ ጌሙ እየሠራ ሳለ ውስጡ የሚገባ መሣሪያ አይጠቀሙ፤ ኩባንያው እንደ አጭበርባሪ ቆጥሮ አካውንቱን ሊዘጋው ይችላል፣ በአካውንቱ የተገዛው ነገርም አብሮ ይሄዳል።

ክፍያው ከተፈጸመስ? በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ነገር በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ የሚቆረጠውም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ነገር ግን ሕጉ የኮምፒውተር መረጃን ከዚህ መብት አውጥቶታል። ስለዚህ የወረደ ነገር በዚህ አንቀጽ ላይመለስ ይችላል። በየወሩ የሚቀጥል ክፍያ ግን ሌላ ነው፤ ቀጣይ ስምምነት ተብሎ ስለሚቆጠር በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል። ስረዛውን በስልክ ብቻ አትተዉት፤ በኢሜይል ጻፉ፣ ቅጂውንም ያዙ። ነጋዴው እምቢ ካለ ወይም መልስ ካልሰጠ ቅጂውን ይዛችሁ ወደ ካርድ ኩባንያው ሂዱ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውል ለመግባት የወላጅ ስምምነት እንደሚያስፈልገውም በደብዳቤው ላይ ጥቀሱ።

የድምፁ ባለቤት ማን ነው?

ጌሙን መግዛት ድምፁን መግዛት አይደለም። የ2007 የቅጂ መብት ሕግ፣ በዕብራይስጥ ሖክ ዝኹት ዮጽሪም፣ ሌላውን ሰው ሳያስፈቅድ የእርሱን ሥራ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ላይ ፍርድ ቤት ባለመብቱ ጉዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሸቀል ካሳ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ይኸው ሕግ ለግል ትምህርት፣ ለምርምር፣ ለሂስና ለመሳሰሉት ፍትሐዊ አጠቃቀምን ይፈቅዳል። ዓላማው ብቻ ግን አይበቃም፤ ምን ያህል ተወሰደ፣ የባለቤቱን ገበያስ ይጎዳል ወይ የሚለውም ይታያል። ቤት ውስጥ ኮቴውን አውጥቶ እንዴት እንደተሠራ የሚመረምር ልጅና ያንኑ ኮቴ በሚሸጠው ጌም ውስጥ የሚያስገባ ልጅ አንድ ዓይነት ሥራ አልሠሩም። የማይንክራፍት የአጠቃቀም ውልም ኩባንያው የሠራውን ነገር ለሌላ ማከፋፈልን ይከለክላል።

በተለይ ሙዚቃ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማይንክራፍትን የመጀመሪያ ሙዚቃ የሠራው ሲ418 በሚለው ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው ዳንኤል ሮዘንፌልድ ነው፤ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች መዝገብ ገብቷል። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ በማሽን ይለያል፤ የቪዲዮው ገቢ ወደ ባለመብቱ ሊሄድ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። ባለመብቱ በሕግ ጠይቆ ሦስት ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ደግሞ ቻናሉን ያጣል።

ያለ ስጋት መለማመድ ለሚፈልግ መፍትሔው ቅርብ ነው። ባትል ፎር ዌስኖዝ የተባለው ነፃ ጌም ድምፆቹን ሳይጠቀልል በተራ ፎልደር ውስጥ በኦግ አስቀምጧቸዋል፤ ፈቃዱም መቅዳትና ማሻሻልን ይፈቅዳል፣ የፈቃዱን ግዴታ እስካከበሩ ድረስ። ፍሪዱም የተባለውም በዱም አሠራር የተሠራ ነፃ ጌም ነው።

ለሥራ ምን ይዞ መቅረብ?

በእስራኤል በርካታ የጌም ኩባንያዎች አሉ፤ ሄርጽሊያ ያለው ፕሌይቲካና ቴል አቪቭ ያለው ሙን አክቲቭ ከታወቁት ናቸው። የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር በማምረት በዓለም የታወቀው ዌቭስም የእስራኤል ኩባንያ ነው። እውነቱን ለመናገር የድምፅ ቦታ ከፕሮግራም አውጪ ቦታ በጣም ያነሰ ነው፤ ብዙውም በፍሪላንስ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ወይም የጥራት ምርመራ ጎን ለጎን መማር ብልህነት ነው፤ ለማህበረሰባችን ወጣቶች የሶፍትዌር ሙያ የሚያስተምረው ቴክ-ካሪዬራ ለዚህ አንዱ በር ነው።

ቀጣሪ የሚፈልገው የወጣ ድምፅ ክምችት አይደለም። የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ የጌሙ ድምፅ ጠፍቶ በምትኩ አመልካቹ ራሱ የቀዳቸው ድምፆች የገቡበት። በቪዲዮው ላይም ምስሉ የማን፣ ድምፁ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ቡና ሲወቀጥ ሙቀጫውና ዘነዘናው የሚሰጡት ድምፅ ለከባድ እርምጃ ይሆናል፤ ቡና ሲቆላ ያለው መንሿሿት ለእሳት፤ የክራር ጅማት ዝቅ ብሎ ሲመታ ለበር መክፈቻ። ሌላ አመልካች ይህን አይዘውም። የቄሶቻችንን ጸሎትና ነጋሪት ግን ለጭራቅ መግደያ አታድርጉት፤ ለተገቢ ሥራ ከሆነም የቄሱን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋይዝንም ኤፍሞድንም ለመማር በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ የዋይዝ የመጀመሪያ ኮርስ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፣ የሚከፈለው ለምስክር ወረቀቱ ፈተና ነው።

ሥራ ሲገኝ የባለቤትነቱ ጥያቄ ይገለበጣል። በሕጉ አንቀጽ 34 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት የሠራው ድምፅ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። በአንቀጽ 35 ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በግልጽም ሆነ ከሁኔታው በሚታወቅ መንገድ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ፣ የሠሪው ሆኖ ይቆያል። መብቱን ለማስተላለፍ ደግሞ አንቀጽ 37 የጽሑፍ ሰነድ ይጠይቃል። ፍሪላንሰር ሆኖ 20 ድምፅ በ800 ሸቀል ሊሸጥ የተስማማ ወጣት ወረቀቱ ላይ «መብቱ በሙሉ ለዘለዓለም» የሚል ካየ፣ ዋጋው ለዚያ የሚበቃ መሆኑን ጠይቆ ይፈርም። ዌቭ ፋይሎቹንም ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር በቀን ለይቶ ያስቀምጥ፤ ክርክር ቢነሣ ሠሪው ማን እንደሆነ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው።

ውድ የጌም ድምፅ ኮርስ በስልክ ለሚሸጡላችሁ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ስንቱ በዚሁ ሙያ እንደተቀጠረ በጽሑፍ ጠይቁ። የ14 ቀኑ ስረዛ እዚህ ላይ ይሠራል፤ የሚቆጠረውም ስምምነቱ ከተደረገበት ወይም ዝርዝሩ በጽሑፍ ከደረሳችሁ ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው፤ ኮርሱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን በፊት ማስታወቅ ያስፈልጋል። ቴውዳት ኦሌ ከተቀበለ አምስት ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ፣ 65 ዓመት የሞላው ሰውና አካል ጉዳተኛ፣ ስምምነቱ ከሻጩ ጋር በንግግር የተደረገ ከሆነ፣ የአራት ወር ጊዜ አላቸው። በፒቃዶን ለመክፈል ያሰበ የተሰናበተ ወታደርም ተቋሙ ለዚያ የተፈቀደ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት በተሰናባች ወታደሮች ፈንድ ያጣራ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ገንዘቡ የሚለቀቀው ለተወሰኑ ዓላማዎች ብቻ ነው።